አንድ ገጽ እስኪከፈት

በብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ራሱን ያድሳል። በአንዱና በቀጣዩ እድሳት መካከል የሚተርፈው ጊዜ 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ አንድ የዓይን ጥቅሻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ረጅም ጽሑፍ ከፍታችሁ በአውራ ጣት ወደ ላይ ስትገፉት ፊደሎቹ ከጣታችሁ ሥር ሳይለዩ አብረው የሚወጡት፣ ብሮውዘሩ በዚያች ቅንጣት ጊዜ ውስጥ አዲሱን ምስል አሰናድቶ ስላስረከበ ነው። በቀጣዩም፣ ከዚያ በቀጣዩም እንዲሁ። አንድ ሁለቴ ካረፈደ ገጹ ይንገጫገጫል። አንባቢው ምን እንደ ተጓደለ መናገር ባይችል እንኳ ዓይኑ ቅር ይለዋል።

በስልካችንም ሆነ በኮምፒውተራችን ላይ ከብሮውዘር የበለጠ በየቀኑ የምንነካው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ስለ አሠራሩ ግን ቆም ብለን አናስብም። ወሬው ሲነሣ የሚጠየቀው "የትኛው ይፈጥናል?" የሚል ብቻ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን በማን ስልክ፣ በምን ዓይነት መስመርና በየትኛው ፊደል እንደሆነ ሳልጠይቅ ልመልሰው አልችልም። በውድ ስልክና በፈጣን ዋይፋይ ሁሉም ያምራሉ። የባለሙያው እጅ የሚለየው ሜሞሪው ባነሰ ስልክ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ መሐንዲሶቹ ራሳቸው በማያነቡት ጽሕፈት ላይ ነው።

አንድ አድራሻ ስትነኩ ከሰርቨር የሚመጣው የተዘጋጀ ሥዕል ሳይሆን ተከታታይ ጽሑፍ ነው። ብሮውዘሩ ጽሑፉን እያነበበ ርዕሱ የቱ፣ አንቀጹ የቱ፣ ፎቶው ከየትኛው ሥር እንደሚውል የሚያሳይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው መዋቅር ያቆማል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ክፍል ቀለም፣ የፊደል መጠንና ኅዳግ ይወስናል። ስፋትና ቁመት ይለካል፤ መስመሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ ይቆርጣል፤ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም የተቀባውን ንብርብር አገጣጥሞ ለስክሪኑ ያስረክባል። የገጹ ኮድ በከባድ ሥራ ቢጠመድ እንኳ ገጹ ከጣት ጋር መሄዱን እንዳያቋርጥ፣ የማገጣጠሙ ሥራ ከሌላው ተለይቶ በራሱ መስመር ይካሄዳል።

ከዚህ ሁሉ መሐል ዘወትር የሚያስደንቀኝ አንድ ትንሽ ሠራተኛ አለ። ዋናው አንባቢ የጃቫስክሪፕት ኮድ የያዘ ፋይል ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ፋይሉ መጥቶ እስኪሠራ ማንበቡን ማቆም ይኖርበታል፤ ያ ፋይል የገጹን ቀሪ ክፍል ሊለውጠው ይችላልና። በዚህ መሐል ሌላ ቀለል ያለ አንባቢ ወደ ፊት ይሮጥና ገና ያልተነበበውን እየቃኘ የሚያስፈልጉትን ፎቶዎች፣ የቅርጽ ፋይሎችና ኮዶች አስቀድሞ ያዛል። ባለሙያ ሴት ቁሌቱ እስኪበስል እጇን አጣጥፋ እንደማትጠብቅ፣ የሚጎድለውን አስባ ልጁን ወደ ሱቅ እንደምትልከው ማለት ነው። ዋናው አንባቢ ሥራውን ሲቀጥል የታዘዘው ደጁ ደርሶ ያገኘዋል። ይህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ በበርካታ ብሮውዘሮች ውስጥ ገባ (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ ለሚጠብቅ ሰው ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል፤ ምልልሱ በረዘመ ቁጥር አስቀድሞ ማዘዝ የሚያተርፈው ጊዜ ያድጋልና።

ክሮም በ2008 ሲወጣ ከመጀመሪያው ቀን መሠረቱ ያደረገው ሐሳብ ታቦችን ለያይቶ ማስኬድን ነበር። ከዚያ በፊት በብዙ ብሮውዘሮች ውስጥ ሁሉም ገጽ በአንድ ሒደት ስለሚኖር የአንዱ ውድቀት የሁሉም ነበር። በኢንተርኔት ካፌ ዘመን የዲቪ ፎርም ሞልቶ ሊጨርስ ሲል፣ ጎን ባለ ገጽ ሰበብ ሁሉም ነገር ድርግም ያለበት ሰው ይህን አይረሳም። ክሮም እያንዳንዱን በየራሱ ግድግዳ ውስጥ አኖረ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል። ሁለተኛው ሥራው ደግሞ በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ በላርስ ባክ መሪነት የተሠራው ቪ8 የተባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር ነው። ይህ ሞተር ኮዱ ሲሠራ እየተከታተለ ደጋግሞ የሚመላለሰውን ክፍል ይለይና ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይተረጉመዋል። እስካሁን ቁጥር ብቻ የመጣበት ቦታ ወደፊትም ቁጥር ይመጣበታል ብሎ ይገምታል፤ በግምቱም ላይ ተመሥርቶ አጭሩን መንገድ ይቆርጣል። ግምቱ ከከሸፈ ሥራውን ሳያበላሽ ወደ ቀድሞው ጥንቁቅ መንገድ ይመለሳል። የዚህ አሠራር ውበቱ መመለሱ ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ግምት መኖሩንም፣ መክሸፉንም አያውቅም።

ግድግዳ ማቆም ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ሜሞሪ ነው። በ2018 መጀመሪያ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ድክመት ይፋ ሲሆን፣ በአንድ ሒደት ውስጥ አብረው ያሉ ድረ ገጾች አንዱ የሌላውን ምሥጢር ሊሰርቅ እንደሚችል ታወቀ። ክሮም በዚያው ዓመት በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ድረ ገጽ በተለየ ሒደት አስቀመጠ። በስልክ ላይ ይህን ሁሉ መሸከም አይቻልም። በ2019 የተመረጠው መፍትሔ የሚያስመሰግን ነው፦ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃል የሚያስገባባቸውን ድረ ገጾች ብቻ ለይቶ መጠበቅ። መሐንዲሶቹ "ሁሉንም ወይም ምንም" አላሉም፤ ሌባ በቅድሚያ የሚፈልገው የቱን እንደሆነ አስበው ያለችውን ሜሞሪ እዚያ ላይ አዋሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ መጠን በታች የሆነ ስልክ የያዘ ሰው ከዚህ ጥበቃ ውጭ ቀርቷል፤ ይህም መታወቅ አለበት።

ፋየርፎክስን የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ከላይ ካነሣኋቸው ደረጃዎች አንዱ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ቀለምና መጠን መወሰን፣ በአንድ ትልቅ ገጽ ላይ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ሥራ ነው። ዛሬ በርካሽ ስልክ ውስጥም ፕሮሰሰሩ አራት ወይም ስምንት ኮር አለው፤ ሥራው ለሁሉም ቢከፋፈል ይፈጥናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። መሥራቱ ግን እሾህ ነው። ሁለት ኮሮች አንድ መረጃ ላይ በአንድ ጊዜ ከጻፉ ስሕተቱ ዛሬ ታይቶ ነገ ይሰወራል፤ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱም ከሽፈዋል። በኋላ ራስት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ደግፎ አሳደገ። በዚህ ቋንቋ እንዲህ ያለ የመረጃ ግጭት ያለበት ኮድ ገና ከመሠራቱ በፊት ውድቅ ይደረጋል። በኅዳር 2017 የወጣው 57ኛው ፋየርፎክስ ይህን ሥራ ለሁሉም ኮሮች የሚያከፋፍል ክፍል ይዞ መጣ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ሥራውን የጨረሰ ኮር ያልጨረሰውን ጭነት ወስዶ ያግዘዋል። ከዓመታት ክሽፈት በኋላ መሣሪያውን ራሱ አዲስ ሠርቶ ወደ ሥራው መመለስ፣ በእኔ ዓይን፣ የዚህ ሙያ ታላቁ ታሪክ ነው።

የሳፋሪ መነሻ ብዙ ሰው አያውቀውም። አፕል በ2001 ብሮውዘር ለመሥራት ሲነሣ ከባዶ አልጀመረም፤ ኬዲኢ የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ኮንከረር ለተባለ ብሮውዘሩ የሠራውን ኬኤችቲኤምኤል የተባለ ገጽ አሰናጅ ሞተር ወሰደ። ኮዱ ትንሽና ንጹሕ ስለነበረ ነው የተመረጠው። ቡድኑን የመራው ዶን ሜልተን አንድ ጽኑ ደንብ አወጣ፦ ማንኛውም ለውጥ ሲገባ የገጽ መክፈቻ ፍጥነት ይፈተናል፤ ብሮውዘሩን የሚያዘገይ ለውጥ አይገባም። "ቆይተን እናፋጥነዋለን" የሚል መንገድ የለም። ሳፋሪ በጥር 2003 ሲገለጥ ፍጥነቱ መነጋገሪያ የሆነው በዚህ ደንብ ነው። ከዚሁ ዛፍ ነው ዌብኪት የበቀለው፤ ከዌብኪት ደግሞ በ2013 የክሮም ሞተር ብሊንክ ተገነጠለ። ጥቂት የኬዲኢ ፕሮግራመሮች የጻፉት ንጹሕ ኮድ ዛሬ በቢሊዮን በሚቆጠር ስልክ ውስጥ ዘሩ ይገኛል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመዳችሁ በአይፎኑ ላይ "ክሮም ከሳፋሪ ይፈጥንብኛል" ቢላችሁ አንድ ነገር ንገሩት። አፕል በአብዛኛው ዓለም በአይፎን ላይ ከዌብኪት ሌላ ሞተር ስላልፈቀደ፣ እዚያ ላይ ክሮምም ፋየርፎክስም ሥራቸውን የሚሠሩት በሳፋሪ ሞተር ነው። የሚለያዩት በመልክ፣ በዕልባት አያያዝና ከየትኛው አካውንት ጋር እንደሚያገናኙት ነው። ማይክሮሶፍትም በ2020 ብሮውዘሩን ኤጅን የክሮም መሠረት በሆነው በክሮምየም ላይ እንደገና ሠርቶታል፤ ብሬቭ፣ ቪቫልዲና የዛሬው የኮምፒውተር ኦፔራም እዚያው ላይ ናቸው። በእነዚህ መካከል በፍጥነት ብቻ መምረጥ ብዙ አያዋጣም። ኤጅ የማይነኩ ታቦችን አስተኝቶ ሜሞሪ ይቆጥባል፤ ቪቫልዲ ታቦችን አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ለሚወድ ሰው ተመቻችቷል፤ ብሬቭ ማስታወቂያ ከልካዩን ከውስጡ ይዞ ይመጣል። ምርጫው የልማድ ነው። በ2024 የአፕል፣ የጎግል፣ የማይክሮሶፍትና የሞዚላ መሐንዲሶች አብረው ያወጡት ስፒዶሜትር 3 የተባለ መለኪያም ቢሆን የሚፈትነው ገጹ ከተከፈተ በኋላ ብሮውዘሩ ለተጠቃሚው ንክኪ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልስ ነው። የስንት ብር ፓኬጅ እንደጨረሰ አይነግራችሁም።

ስለ ፓኬጅ ካነሣን ስለ ኦፔራ ሚኒ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ሥራ እሱ ነውና። ኦፔራ የተወለደው ኖርዌይ ውስጥ ነው። ዮን ቮን ቴትስክነርና ጋይር ኢቫርሰይ ቴሌኖር በተባለው የስልክ ድርጅት ውስጥ በ1994 ጀመሩት። የድረ ገጽን ቅርጽና ቀለም ከይዘቱ ለይቶ የመጻፍን ሐሳብ በዚያው ዓመት ያቀረበው ኖርዌያዊው ሆከን ዊየም ሊም በኋላ የኦፔራ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኗል። በእነዚህ ሰዎች ዙሪያ "ትንሽ መሣሪያም ሙሉ ድር ይገባዋል" የሚል እምነት ነበር። በ2006 መጀመሪያ ለዓለም የተለቀቀው ኦፔራ ሚኒ የዚያ እምነት ፍሬ ነው።

የዚያን ጊዜ ተራ ስልክ ድረ ገጽ የመክፈት አቅም አልነበረውም። ሜሞሪው ትንሽ፣ ፕሮሰሰሩ ደካማ፣ ስክሪኑ የክብሪት ሣጥን የሚያህል። ኦፔራ ሚኒ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ስልኩ ጥያቄውን ወደ ኦፔራ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ገጹን ያመጣል፣ ኮዱን ለጥቂት ሰከንድ ያስኬዳል፣ ፎቶዎቹን ያሳንሳል፣ ስፋቱን ለዚያ ስልክ ስክሪን አስልቶ ይደረድራል፣ ከዚያም ሁሉንም አጥብቆ አሽጎ ይልካል። ለስልኩ የሚቀረው የተሰናዳውን መቀባት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ መጠን ይቀነስ ነበር። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ማለት በአንድ ካርድ ሳምንቱን ሙሉ ዜና ማንበብ ማለት ነው። ሙሉው ፕሮግራም ራሱ አንድ ሜጋባይት አይሞላም ነበር፤ በኖኪያ ስልክ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በብሉቱዝ የተላለፈውም ለዚህ ነው።

አገራችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ አንድ ምክርም ነበር። ስልኩ የአማርኛ ፎንት ስላልነበረው ጽሑፉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። አድራሻ መጻፊያው ላይ "ኦፔራ ኮንፊግ" የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስትገቡ የምርጫ ዝርዝር ይመጣል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ለውስብስብ ጽሕፈቶች የተሣሉ ፊደሎችን ተጠቀም የሚለውን "አዎ" ታደርጉታላችሁ። ከዚያ በኋላ ሣጥኖቹ ጠፍተው አማርኛው ይመጣል። ሰርቨሩ ፊደሉን ራሱ ሥሎ በትንንሽ ምስል ይልከው ነበር። ገጹ በመጠኑ ይከብዳል፤ ግን ይነበባል። አንድ የኦፔራ መሐንዲስ፣ ፎንት በሌለው ስልክ ላይ የራሱን ፊደል ማንበብ የሚፈልግ ሰው እንዳለ አስቦ ይህችን አንዲት መስመር ጨመረ። የስንቱ ወጣት የመጀመሪያ የአማርኛ ድረ ገጽ ንባብ በእሷ በኩል እንደሆነ ሳስብ ባለሙያዎቹን ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ የቁጠባ ሁነታ ገጹን ከፍቶ የሚያሰናዳው መሐል ያለው ሰርቨር ስለሆነ፣ ምሥጢራዊ የሆነውም ገጽ እዚያ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ የባንክ ሥራ በዚያ ሁነታ አይሠራም፤ ለዚያ ሌላ ብሮውዘር ተጠቀሙ።

ወደ ፊደላችን ስመጣ የምመሰክረው ብዙ በጎ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በየሶፍትዌሩ የተለያየ አሠራር ስለነበረ፣ ያ የተለየ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የላቲን ምልክት ውጥንቅጥ ይሆን ነበር። ዛሬ ገጹ የጠየቀው ፎንት "ሀ"ን ባያውቅ ብሮውዘሩ በመሣሪያው ውስጥ ያሉትን ፎንቶች ፈትሾ የሚያውቃትን ያመጣል፤ ይህንንም ፊደል በፊደል ያደርገዋል። አማርኛና ላቲን በተቀላቀሉበት መስመር ላይ አንዳንዴ የመስመሮቹ ርቀት የሚዛነፈው፣ በዚህ መንገድ የመጣው ፎንት ከዋናው ቁመቱ ስለሚለይ ነው።

የመስመር አቆራረጡን ተመልከቱ። ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለይ፣ ባዶ ቦታ የሌለበት የጥንት ጽሑፍ ብትከፍቱ ብሮውዘሩ ከሁለት ነጥቡ በኋላ መስመሩን ማጠፍ ያውቃል፤ ከሁለት ነጥቡ በፊት ግን አያጥፍም። በዚህ ደንብ አንድ ያልታሰበ በረከት አለ። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብ በማስገባት ፈንታ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ደንቡ ሁለቱም ከፊታቸው እንዳይቆረጥ ስለሚከለክል ምልክቱ ሳይከፈል ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። በአንጻሩ ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የሚተው ሰው ምልክቱ ብቻውን ወደ አዲስ መስመር ሲወርድ ያየዋል፤ ባዶ ቦታው ለብሮውዘሩ የመታጠፊያ ፈቃድ ነውና።

ቁጥራችንም አልተረሳም። የድረ ገጽ ጸሐፊ ዝርዝሩን በግእዝ ቁጥር ማድረግ ከፈለገ ክሮምና ፋየርፎክስ ይህን ራሳቸው ይሠሩታል። ሥራው ቀላል አይደለም። ዜሮ የለም፤ አሐዙ ከኋላ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል፤ ፻ እና ፼ በየተራ ይገባሉ፤ መቶ ሲጻፍ ፊት ላይ ፩ አይቀመጥም። 2017ን ስትሰጡት ፳፻፲፯ ብሎ ይመልሳል። የቀን መቁጠሪያችንም ከጳጉሜን ጋር በሦስቱም ዋና ሞተሮች ውስጥ አለ፤ የገጹ ሠሪ ከጠየቀው ያወጣዋል።

ያልተጠናቀቀው የፍለጋው ነገር ነው። "ፀሐይ" ተብሎ በተጻፈ ገጽ ላይ "ጸሀይ" ብላችሁ ብትፈልጉ አይገኝም፤ "ዓለም" እና "አለም"ም እንዲሁ። ክሮም ላይ ምልክት የሌለበትን የላቲን ፊደል ጽፎ ምልክት ያለበትን ማግኘት ይቻላል፤ ለፈረንሳይኛ የተደረገው ጥንቃቄ ለእኛ ሞክሼ ፊደላት አልደረሰም። ረጅም አዋጅ ወይም ውል ውስጥ አንድ ስም ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ለዕለት ተዕለት ሥራ ምከረኝ የሚለኝ ካለ እንዲህ እላለሁ። ሜሞሪው ባነሰ አንድሮይድ ስልክ ለንባብ ኦፔራ ሚኒን፣ ለሌላው ሁሉ ፋየርፎክስን ያድርግ፤ ፋየርፎክስ በስልክ ላይም ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ይቀበላል፤ ያልመጣ ማስታወቂያም ፓኬጅ አይበላም። ለመንግሥትና ለባንክ ፎርሞች ክሮም አያሳፍርም፤ ብዙ ገጽ ሠሪዎች የሚሞክሩት በእሱ ላይ ነውና። ማክቡክ የያዘ ባትሪው እንዲቆይለት ሳፋሪን ይክፈት።

የአማርኛ ድረ ገጽ ለምትሠሩ ደግሞ ሁለት ልመና አለኝ። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን በኮዱ መጀመሪያ ላይ ግለጹ፤ ብሮውዘሩ ትክክለኛውን ፎንት የሚመርጠው፣ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበውም ፕሮግራም አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ስሕተት ስታዩም ለብሮውዘሩ ሠሪዎች ጻፉ። የክሮምየም፣ የፋየርፎክስና የዌብኪት የስሕተት መዝገቦች ለማንም ክፍት ናቸው፤ የሞክሼ ፊደላቱ ጉዳይ የሚስተካከለውም አማርኛ የሚያነብ ሰው አስረድቶ ሲያስመዘግበው ነው።